ልዩነት ለማን ሲባል ይጠበቅ?

የብዝኃ ባህልን ፖለቲካ የሚደግፉ ፈላስፎች አናሳ ባህሎች ጥበቃ ይገባቸዋል በሚለው ላይ እምብዛም አይጣሉም፤ የሚለያዩት ለምን ሲባሉ ነው። አንዳንዶቹ የባህሎች መብዛት በራሱ ለሁሉም የሚበጅ ሀብት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ባህል የሚጠበቀው ለባለቤቶቹ ስለሚያስፈልግ እንጂ ቁጥሩ እንዳይጎድል አይደለም ባዮች ናቸው። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ።

የመጀመሪያውን ሐሳብ አጠንክሮ ያቀረበው ሕንድ ተወልዶ በእንግሊዝ ያስተማረው ቢኩ ፓሬክ ነው። እንደ እርሱ አመለካከት ማንኛውም ባህል የመልካም ሕይወትን ገጽታ ሁሉ አጠቃልሎ ሊይዝ አይችልም፤ አንዱ ያጎላውን ሌላው ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህም ሰው የራሱን ባህል ጉድለት የሚያስተውለው ከሌላው ጋር ሲነጋገር ነው። የካናዳው ዊል ኪምሊካ ይህን መከራከሪያ ባይጥለውም ብቻውን አይበቃም ይላል፤ ብዙኃኑ ከልዩነት የሚያገኙት ጥቅም በጥቂት በጥቂቱ ለሁሉም የሚዳረስ ሲሆን፣ ልዩነቱን ለማቆየት የሚከፈለው ዋጋ ግን በተወሰኑ ሰዎች ላይ ሊከብድ ይችላልና። የእርሱ መነሻ ነፃነት ነው፦ ሰው አኗኗሩን የሚመርጠው ባህሉና ቋንቋው ትርጉም ከሰጧቸው አማራጮች መካከል በመሆኑ፣ ባህሉ ሲፈርስበት የመምረጥ አቅሙም አብሮ ይዳከማል።

ዋጋው በማን ላይ እንደሚወድቅ ለማየት የዩደርን ክስ መመልከት ይበቃል። በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ልጆች እስከ 16 ዓመታቸው ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ሕጉ ያስገድድ ነበር፤ ከዘመናዊው ዓለም ራሱን አግልሎ ከሚኖረው የአሚሽ ክርስቲያን ማኅበረሰብ የሆኑ ሦስት አባቶች ግን ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አንልክም በማለታቸው እያንዳንዳቸው አምስት ዶላር ተቀጡ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1972 ለአባቶቹ ተፈረደ። ፍርዱ በዋናነት የቆመው በሃይማኖት ነፃነት ላይ ቢሆንም፣ ዋና ዳኛው ዋረን በርገር በመካከለኛው ዘመን ከዓለም ተለይተው የኖሩ መነኮሳት ለምዕራቡ ሥልጣኔ ትልልቅ እሴቶችን ጠብቀው እንዳቆዩ ማስታወሱ አልቀረም። ይህ የፓሬክ መንፈስ ያለበት ክርክር ነው። ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ግን በከፊል ተለይቶ ልጆቹስ ተጠይቀዋል ወይ አለ። ከሦስቱ ልጆች ቀርባ የመሰከረችው ፍሪዳ ዩደር ብቻ ነበረች፤ የሌሎቹ ፍላጎት አልተሰማም። ልጁ ፒያኖ ተጫዋች ወይም የጠፈር ተጓዥ መሆን ቢፈልግስ ብሎም ጠየቀ። የአሚሽ አኗኗር ለአሜሪካ ድምቀት መሆኑን እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ለዚያ ድምቀት ሲባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደብተሩን ይዝጋ ማለት ይከብደኛል። በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን «ልዩነታችን ውበታችን» ሲባል ስሰማም የሚታወሰኝ ይኸው የዳግላስ ጥያቄ ነው።

ይሁንና የኪምሊካ መንገድም የራሱ ችግር አለበት። ሌላው የካናዳ ፈላስፋ ቻርልስ ቴይለር እንዳመለከተው፣ የነፃነት ክርክር ዛሬ በባህሉ ውስጥ ላሉት ሰዎች ይሠራል እንጂ በካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ግዛት በኬቤክ የሚኖሩት ኬቤኮች የሚፈልጉትን፣ ማለትም ገና ያልተወለዱትም ትውልዶች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነው እንዲቀጥሉ ማድረግን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የኬቤክ የቋንቋ ሕግ ይህንኑ ያለመ ነው። በዚህም ምክንያት ከኢትዮጵያ ሄዶ በኬቤኳ ከተማ ሞንትሪያል የሠፈረ ቤተሰብ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ላስተምር ቢል በአብዛኛው አይፈቀድለትም፤ አማርኛውን ደግሞ በቤቱ እንደምንም ማቆየት የራሱ የወላጁ ፈንታ ነው።

ኪምሊካ በኬቤኮችና በስደተኛው መካከል ለሚታየው ለዚህ የአያያዝ ልዩነት መልስ አለው፦ ኬቤኮች በገዛ ምድራቸው የራሳቸው ተቋማት የነበሯቸው ሕዝብ ሲሆኑ፣ ስደተኛው ግን አገሩን የለቀቀው ፈቅዶ ነው። ፈቅዶ ሳይሆን ተሳዶ የወጣውስ? ኪምሊካ ችግሩን ሳይሸሽግ፣ በደሉ የተፈጸመው በትውልድ አገሩ መንግሥት ስለሆነ ተቀባዩ አገር እንደማንኛውም መጤ ከማስተናገድ ያለፈ ሊጠየቅ አይችልም ይላል። ለተቀባዩ አገር ይህ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ባህል ለነፃነት የግድ አስፈላጊ ነው ብሎ የተነሳ ሰው፣ ሳይወድ ባህሉን ጥሎ የወጣውን ሰው ነፃነት በዚህ መልስ እንዴት እንደሚያስከብር ግልጽ አልሆነልኝም።