ጎሚኒው ስንት ዓመት ይሄዳል?

ቨርጂኒያ ውስጥ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። የዚያን ቀን አጥንት ክሊኒክ ነበርኩ። ጥግ ላይ ገምጋሚዬ ወረቀቷን ይዛ ተቀምጣለች። እሷም አበሻ ናት፤ ታካሚ ፊት ቆማ ካስተረጎመች ግን ስድስት ዓመት አልፏታል።

ታካሚው ስድሳዎቹን ያጋመሱ ታክሲ ነጂ ናቸው። ድሮ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ሳሉ ካምቢዮ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ወደቀ። ወጌሻ አሽቶ አሰረላቸው፣ በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ራጁን እያሳየ የቁርጭምጭሚት አርትራይተስ እንደ ዳሌና ጉልበት እንዳልሆነ፣ አብዛኛው የድሮ ጉዳት ዕዳ እንደሆነ ነገራቸው። «ዕዳ» የምትለዋ ቃል የኔ ናት፤ ገምጋሚዋ አልያዘቻትም።

ከዚያ ምርጫ አቀረበ። አንደኛውን የእኛ የቃላት ዝርዝር «የመገጣጠሚያ ውህደት» ይለዋል። እንደዚያው አልኩ። ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ። ሐኪሙ አብራራ፤ አጥንቶቹ በብሎን ታስረው አንድ ይሆናሉ፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ እግሩ ግን እዚያ ጋ አይታጠፍም።

«እ! ልትበይዱኝ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ እኔም «መበየድ» እያልኩ ቀጠልኩ። ጥግ ላይ ስክሪብቶ ሲጫጫር ሰማሁ።

ሁለተኛው መገጣጠሚያውን መቀየር ነው። ከላይና ከታች ብረት፣ መሃሉ ፕላስቲክ።

«ጎሚኒ አለው በይኛ። ስንት ዓመት ይሄዳል?»

ሐኪሙ ጥያቄውን ወደደው። ከ10 ሰው 8ቱ ወይም 9ኙ 10 ዓመት ድረስ ሳይነቀልላቸው ይቆያል አለ። የጎሚኒው ስጋት ግን እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ የአንድ ሞዴል ፕላስቲክ ከተጠበቀው በላይ እየተሰበረ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። በ2022 የወጣ የእንግሊዞች ጥናት ደግሞ ከ300 በላይ ሰው በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አወዳድሯል። በዓመቱ ሁለቱም ወገን በጣም ተሽሎታል፣ የጎላ ልዩነት የለም። የተቀየረላቸው ላይ ቁስሉ አልድን ብሎ አስቸገረ፣ የተበየዱት ላይ የደም መርጋት በዛ። ብየዳውም ቢሆን ሸክሙን ጎረቤት መገጣጠሚያ ላይ ይጥላል፤ ከዓመታት በኋላ እነሱም ሊያልቁ ይችላሉ።

«ከአሥር ዘጠኙ» ስል እኔ አሥረኛዋን አውቃት ነበር። ከሁለት ወር በፊት እዚያው ኮሪደር ላይ፣ የተቀየረላት ተነቅሎ ልትበየድ ስትል ያስተረጎምኩላት እኔ ነኝ። አይወራም። ደግሞስ አንድ ሰው ምን ማስረጃ ይሆናል?

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ብትሆኚ የኔ ልጅ፣ የቱን ታስደርጊ ነበር?»

የእኛ ደንብ ግልጽ ነው፤ እኔን የጠየቁኝም ይተረጎማል። ለሐኪሙ ተረጎምኩለት።

«እሱን አይደለም፣ አንቺን ነው!»

ይህንንም ተረጎምኩ።

«ምን ነካሽ? አባትሽ ቢሆን እንዲህ ታደርጊዋለሽ?»

ተረጎምኩ።

«በይ እንግዲያው ንገሪው። ይችን ልጅ ቴፕ አድርጋችኋታል በይው።»

ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ስለ ራሴ ይህንኑ አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ሐኪሙ ይሳቅ አይሳቅ ግራ ገብቶት ጫማውን አየ።

ከታካሚ ጋር ብቻሽን አትሁኚ ይላል ያው ደንብ። ሊፍት ውስጥ ገጠምን።

«ጋሼ አይቀየሙኝ፣ ሥራዬ ሆኖ ነው።»

«ምን ቆርጦኝ! ነግረሽኝ የለ?»

«ኧረ እኔ ምንም አልነገርኩዎትም።»

«ዘጠኝ ስትይ ፊትሽ ጠቆረ። ሃያ ዓመት የሰው ፊት በስፖኪዮ ሳነብ ነው የኖርኩት እኮ።»

በሳምንቱ የቀጠሮ ዝርዝሬ ላይ ስማቸውን አየሁት። ሊበየዱ ነው።

ግምገማዬም የዚያኑ ቀን ደረሰኝ። የቃላት አጠቃቀም፦ 3 ከ5፣ «መበየድ የጋራዥ ቃል ነው»። ገለልተኝነት፦ 5 ከ5።