ሐውልቱ የት ይቁም?

የምሠራበት የአርክቴክቸር ቢሮ የአንድ ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ይዞ ነበር። ባለቤቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የነሐስ ሐውልት አዝዘዋል። «መሃል ላይ ነዋ! ሌላ የት ይቆማል?» አሉ። በኮምፒውተር በሠራነው የስሪዲ ምስል ላይ በእርግጥ ያምራል። ችግሩ፣ ምስሉ ከጣሪያ ሥር ቁልቁል የታየ ነው። እዚያ ወጥቶ የሚያይ ሰው ደግሞ የለም።

ቀራፂዋ በሐውልቱ ትክክለኛ መጠን ከካርቶን ማሳያ ሠራች። አዳራሹ ገና ፊኒሺንግ ላይ ስለነበር ሠራተኛው ይመላለስበታል። ካርቶኑን መሃል አቁመን ጥግ ይዘን አየን። ከበሩ በቀጥታ ወደ ደረጃው ይሄድ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጎን ታጥፎ መጋፋት ጀመረ። ቀና ብሎ ያየው ግን የለም። አዳራሹም ጠበበብን። በሜትር ያው ነው፤ ዓይን ግን እሺ አይልም።

ቀራፂዋ አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮህ እ.ኤ.አ. በ1929 ለባርሴሎናው ኤግዚቢሽን የሠራውን የጀርመን ፓቪሊዮን (የማሳያ ሕንፃ) አነሳች። ጌዮርግ ኮልበ የቀረፀው ሐውልት እዚያ የቆመው ትንሹ ገንዳ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ነው። ዙሪያውን ዞረው አያዩትም። በመስታወትና በድንጋይ ግድግዳ መካከል ከርቀት ብቅ ይላል። ሕንፃው ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ የሰውነቱ ጥምዝ ዓይንን ይስባል፤ እግርም ይከተላል።

«ጥግ ማቆምማ መደበቅ ነው» አሉ ባለቤቱ።

መንገድ መዝጋቱ ራሱ ዓላማ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቀራፂው ሪቻርድ ሴራ እ.ኤ.አ. በ1981 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ አደባባይ ላይ 36 ሜትር ያህል የሚረዝም የብረት ግድግዳ አቁሞ ነበር። የሚያቋርጠው ሰው አካሄዱንና ቦታውን እንዲያስተውል ፈልጎ ነው። በአካባቢው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ተማረሩ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1989 ተነቀለ። እኔ በፎቶ እወደዋለሁ፤ በየቀኑ ባልፍበት ግን እንጃ። ይህን ታሪክ ለባለቤቱ አልነገርናቸውም፣ ሐሳብ እንዳይሆናቸው።

ካርቶኑን ወደ ደረጃው መታጠፊያ ወሰድነው። ሰው እርምጃውን ድሮም የሚያዘገየው እዚያ ነው። ከበሩ ሲገቡ ትከሻው ብቻ ይታያል፤ ደረጃውን ሲወጡ ሙሉው። ባለቤቱን ምንም ሳንል ከበሩ ጀምረን ይዘናቸው ሄድን። መታጠፊያው ላይ ቆሙና አንጋጠው አዩት።

«ትንሽ ከፍ ቢል አይሻልም?» አሉ።

ቦታው ተወሰነ። መብራቱ ከላይ ይምጣ ከጎን የሚለው ክርክር ግን ገና አላለቀም። እኔ ከጎን ባይ ነኝ።