ካርድ ክፍል የጠፉት ስሞች

የተመረቅሁት በአርክቴክቸር ነው። ቀጥሎ ጥቂት ዓመት የሕንፃ አቅጣጫ ጠቋሚ ጽሑፎችን ሠራሁ፤ ወደ ዩኤክስ ዲዛይን፣ ማለትም ሲስተሞችን ለተጠቃሚው እንዲመቹ አድርጎ ወደመንደፍ ሥራ፣ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ ስይዝ ስክሪኑን ከመክፈቴ በፊት ሰዉ የሚቆምበትን ቦታ አያለሁ። ልማዱ ከሕንፃው ሙያ አብሮኝ የመጣ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የጤና ተቋም የታካሚ መዝገብ ሲስተሙን እንዳሻሽል ሲጠራኝ፣ ኃላፊው ችግሩን እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦ «ሠራተኞቹ ኮምፒውተር አይወዱም። ገጹን ትንሽ ሳቢ ያድርጉልን።» ካርድ ክፍል እንድቀመጥ እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅሁ።

የመዝገብ ሠራተኛዋ ከብዙዎቻችን ፈጥና ትጽፋለች። ሆኖም ከኪቦርዱ አጠገብ ዳሩ የተላላጠ የታካሚዎች ስም ደብተር አለ። አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«እማማ፣ ካርድ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ ልጄ! ለፋሲካ ሰሞን መጥቼ ነበር።»

ስማቸው ፀሐይ ነው፤ የአባታቸውን ልተወው። ሠራተኛዋ ጻፈች፤ ስክሪኑ «አልተገኘም» አለ። ወረፋው እየረዘመ፣ ከኋላ ያሉት እያጉረመረሙ ስለሆነ አዲስ ካርድ ልታወጣ ጀመረች። ደግነቱ ደብተሯን ገለጥ አደረገች። አሮጌው ካርድ «ጸሀይ» ተብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። ላዩ ላይ ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ተጽፏል። ያ ደብተር ባይኖርስ ብዬ እስካሁን አስባለሁ።

ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ እንይ። መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ይሆናል። መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ 12 አጻጻፍ ይወጣል። ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በዚሁ ስሌት (ኃ በ6፣ ሥ በ2፣ ሴ በ2 መንገድ ስለሚጻፉ) 24 ነው፤ ተጣብቆም ስለሚጻፍ 48 ይደርሳል። ወረፋ ሲበዛ «ኃ/ሥላሴ» ተብሎ የሚያጥረውን ሳንቆጥር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። መሆንም ነበረበት፤ ያለዚያ ግዕዝን በትክክል መጻፍ አይቻልም። ሲስተሙ ግን ሰ እና ሠን ልክ እንደ ለ እና መ ለያይቶ ነበር የሚፈልገው።

«ታዲያ ይኼ የፕሮግራመር ሥራ አይደለም እንዴ?» አሉ ኃላፊው። የዲዛይነርም ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሩ የማይከፈት ቤት ቀለም ቢቀቡት ማንም አይገባበትም።

ሁሉም ስም በአንድ ወጥ አጻጻፍ ይመዝገብ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። አልተስማማሁም። ስም የባለቤቱ ነው፤ መታወቂያው ላይ እንዳለው መቀመጥ አለበት። ከፕሮግራመሩ ጋር ሆነን ስሙን ሳንነካ፣ ፍለጋው ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት እንደ አንድ እንዲያይ፣ ክፍተቱን እንዲዘል፣ «ገ/» ሲያይ «ገብረ»ን እንዲሞክር አደረግን። ከውጭ ተቀድቶ የመጣው «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥንም ወጣ። አንዱ ሠራተኛ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ይሞላበት ነበር። በምትኩ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሆነ። ቀለሙና አዝራሮቹ ብዙም አላደከሙንም።

ያስቸገረን ቀድሞ ለአንድ ሰው ተደራርበው የወጡት ካርዶች ጉዳይ ነው። ማሽኑ ተመሳሳዮቹን በራሱ ያዋህድ ሲባል አጥብቄ ተቃወምሁ። እስከ አያት ድረስ በስም የሚመሳሰሉ ሰዎች አሉ፤ የሁለት ሰው ሕክምና አንድ ካርድ ላይ ከገባ ከመደራረቡ የከፋ አደጋ ነው። ስለዚህ ሲስተሙ የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን ያሳያል፤ ሠራተኛዋ ዕድሜ፣ ስልክና ቀበሌ ጠይቃ ታጣራለች፤ የሕክምናው ታሪክ የሚዋሃደው ግን ሐኪም አይቶ ሲፈቅድ ብቻ ነው።