ሱሉልታ አድረን መጣን

ትናንት ከስራ ስንወጣ አዲሱ ገበያ ተገናኝተን ታክሲ ይዘን እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ጓደኛችን ቤት ገባን፣ ብርዱ በስማም ነው! እናቷ ሽሮውን እያንተከተከች ጠበቀችን 😍 ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ ከዛማ ማን ይተኛል። ፍራሾቹን ሳሎን መሬት ላይ ገጣጥመን አንድ ብርድልብስ ለአራት፣ አንዷ ስትጎትት የሌላዋ እግር ይራቆታል፣ ስንስቅ ሆዴን እስኪያመኝ።

ከዛ መብራት ጠፋ። በሻማ አንዷ ሹሩባ እየሰራችኝ ስለ ድሮው ሰፈራችን ስለ ትምህርት ቤት ምናምን ስታወራ ስታወራ መሀል ላይ ዝም አለች፣ ጣቶቿ ጸጉሬ ላይ ቀጥ ሲሉ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ይሄ አመት ከብዷት ነበር። ማናችንም ምንም አላልንም ብቻ ብርድልብሱን ወደሷ ሳብ አድርገን ተጠጋናት። ውጪ ጅብ ይጮሃል እኛ ውስጥ ሞቆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እናቷ "እናንተ ልጆች አትተኙም እንዴ?" ስትለን አፋችንን በጋቢ ይዘን ሳቅን፣ ልክ እንደ 15 አመት ልጆች!

የኔ ቆንጆዎች በጣም ነው የምወዳችሁ ❤️ ሹሩባውን ገና አልፈታሁትም፣ ቀጣዩ አዳር እኔ ቤት ነው፣ ብርድልብስ ሁለት አለኝ።