«ስኬቺ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

አሜሪካ ለገባ ሰው ቶሎ ከሚያስፈልጉት ቃላት አንዱ «ስኬቺ» ነው፤ አገር ቤት ግን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አይማሩትም። የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ያሳያችሁት የሥራ ባልደረባ «ዚስ ሉክስ ስኬቺ» ካለ፣ በእኛ አነጋገር «ነገሩ አላማረኝም» ማለቱ ነው። ሌባ ነው አላለም፤ ማስረጃም የለውም። ብቻ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ቆም በሉ እያለ ነው።

ቃሉ የመጣው ተጀምሮ ካልተጠናቀቀ ንድፍ፣ ከ«ስኬች» ነው። ስለዚህ የጎደለውን ፈልጉ። ኪራዩ ከሰፈሩ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፤ አከራዩ «ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ይላል፤ ቤቱን ሳታዩ ዲፖዚት (መያዣ ገንዘብ) በዜል፣ ማለትም በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ፣ ይጠይቃል። የጎደለው የቤቱ በር፣ የሰውየው ፊትና የተፈረመ ውል ነው። በዜል ራሳችሁ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ቀጣሪም ያው ነው፦ ባንኩ ገንዘቡን ቀድሞ ያሳያችኋል፣ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ዕዳው በእናንተ ላይ ይቀራል። ዜና ላይ «ዲቴይልስ አር ስኬቺ» ሲባል ግን ጥርጣሬ የለበትም፤ ዝርዝሩ ገና አልተሟላም ማለት ብቻ ነው።

«ሼዲ» የሚለው ተቀራራቢ ቃል ከ«ስኬቺ» ይከብዳል። ሥሩ ጥላ ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር የሚሄድ ሰው የሚያነበው የጣቢያ ስም «ሼዲ ግሮቭ» ጥላ ያለው የዛፍ ሥፍራ ማለት ነው። ስለ ሰው ሲነገር ግን ሆን ብሎ የሚደብቀው ነገር አለ የሚል ክስ አለበት። ስለዚህ «ሂ ኢዝ ሼዲ» ከማለት «ሂዝ ስቶሪ ሲምስ ስኬቺ» ይሻላል፤ ሰውየውን ትቶ ወሬውን ይጠረጥራል። ወጣቶች «ዛት ዎዝ ሼዲ» ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሌላውን በነገር ወጋ ለማለት ነው፣ ከማጭበርበር ጋር አይገናኝም።

ለንደን ያላችሁ የምትሰሙት «ዶጂ» ነው። እሱ ሰፊ ነው፦ የሚያጠራጥር ሻጭም፣ ሊበላሽ የተቃረበ ዶሮም፣ አደገኛ የኤሌክትሪክ ሽቦም ዶጂ ይባላል። «ሲዲ» ለቆሸሸና መልካም ስም ለሌለው ቡና ቤት ወይም ሆቴል ነው። «ስሊዚ» ግን ብልግና አለበት፤ የማትፈልጉትን ክስ እንዳያስከትልባችሁ በሥራ ቦታ ስለ ማንም አትጠቀሙበት።

ሰፈርን «ስኬቺ» ማለትም ያስቀይማል። ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ድሆችና ጥቁሮች በሚኖሩበት አካባቢ ላይ ነው፣ የሰማችሁ ሰውም እዚያው ያደገ ሊሆን ይችላል። «መንገዱ መብራት የለውም» ብትሉ የምትፈልጉት ይገባዋል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «ተጠራጠርኩ» ለማለት «አይ አም ስኬቺ» ስንል ነው። ይህ «እኔ አልታመንም» ይሆናል። ትክክሉ «ኢት ሲምስ ስኬቺ ቱ ሚ» ነው። ፖሊስ ወይም ባንክ ስትደውሉ ቃሉን ተዉት፤ ቀኑን፣ የላካችሁትን መጠን፣ የተጻጻፋችሁበትን ስልክ ቁጥርና ሰውየው የጠየቀውን በቅደም ተከተል ተናገሩ።