እጀታው ውስጥ የተቀመጡት ብሎኖች

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣውን አረንጓዴና ነጭ ትንሽ ኮምፒውተር ደብረ ብርሃን ወዳለው የጥገና ሱቄ ይዞልኝ መጣ። ሲያዩት የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። እንደ ቦርሳ የሚንጠለጠልበት እጀታ፣ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የሚቆሙ ሁለት አንቴናዎች አሉት። «ከተሠራ ለልጄ፣ ካልተሠራ ለአንተ» አለኝ። ኤክስኦ እንደሚባል አውቃለሁ፤ እጄ ላይ ሲገባ ግን የመጀመሪያው ነው። በተራ ካቻቢቴ ፈታሁት። እጀታው ውስጥ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠው አገኘሁ።

ሃያ ዓመት ያህል ኮምፒውተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁ። አንድ መሐንዲስ «ብሎን ይጠፋባቸዋል፤ የሚተኩበትን ልተውላቸው» ብሎ አስቦልኝ ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። የሌላውማ ኩባንያ ላፕቶፕ በሙጫ ተጣብቆ፣ እኛ አገር በማይገኝ መፍቻ ብቻ በሚፈታ ብሎን ተቆልፎ ይመጣል። ያን ዕለት ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

የኤክስኦው ታሪክ እንዲህ ነው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባለው፣ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በ2005 እ.ኤ.አ. ለታዳጊ አገር ልጆች የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንሠራለን ብሎ ተነሣ። በዚያው ዓመት ቱኒስ ላይ የታየው ናሙና በእጅ እየዞረ ኃይል የሚሰጥ መዘውር ነበረው፤ ለተማሪዎች የተሠራው ግን ያለ መዘውር ወጣ። በብዛት መመረት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን ዋጋውም ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። ሰው ሁሉ የሚያነሣው ይህን የዋጋ ነገር ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ስክሪኑ ሜሪ ሉ ጄፕሰን በምትባል መሐንዲስ የተነደፈ ሲሆን በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ ደጅ አውጥቼ ሞከርኩት፣ እውነት ነው። የሚዞር ዲስክና ማራገቢያ ስለሌለው አቧራ የሚገባበት ሥፍራ ጠባብ ነው። የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ኪቦርዱ ላይም ከላቲኑ ጎን የእኛ ፊደል ታትሟል።

ታዲያ ለምን ሱቄ መጣ? ከአንድ ጎማ የተሠራው ኪቦርድ ተቀዶ ነበር። ይህን ጎማ የሚሸጥ ሰው ደብረ ብርሃንም መርካቶም አጣሁ። ሁሉ ነገር የታሰበለት ማሽን፣ መለዋወጫው ገበያ ላይ ስለሌለ ብቻ ሞቶ ተቀመጠ። ተራ ኪቦርድ በገመድ አገናኝቼ ለልጁ መለስኩለት። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ ሳይወጣ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ፣ መንዝ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት መምህር ነው። «ጋሼ፣ አሥር ኮምፒውተር በእርዳታ ተሰጥቶን ነበር፤ አንዱም አይሠራም። መጥተህ ብታይልን?» አለኝ። ሄድኩ። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። የሦስቱን ገመድ አይጥ በልቶታል፤ የአራቱ ኃይል ሰጪ ሣጥን መብራት ከፍና ዝቅ ሲል ተቃጥሏል። ቀሪዎቹም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ከወፍራሙ ሞኒተር ጋር 150 ዋት ገደማ ይፈልጋሉ። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ያለው ባለ 200 ዋት ሶላርና አንድ ትልቅ ባትሪ ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ባና ተከናንበን፣ ውጭ ውርጩ እየወረደ፣ በወረቀት ላይ ስሌት ሠራን። ባትሪው 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው፤ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም የለብንም፤ ስለዚህ 600 አለን። አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ብናስነሣ አራቱ ብቻ በአንድ ሰዓት ይጨርሱታል። ራስበሪ ፓይ የሚባለው፣ በመዳፍ ያህል ሰሌዳ ላይ የተሠራ ሙሉ ኮምፒውተር፣ ከቀጭን ሞኒተር ጋር ሲሠራ ግን 20 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ስድስት ብንተክል 120 ዋት፤ በቀን አራት ሰዓት ቢሠሩ 480። ይበቃል! የአክስቴ ልጅ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደግሞ ሠራው።

ራስበሪ ፓይ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። እዚህ ሲደርስ ከዚያ ይወደዳል። እኔ የመረጥኩት ግን በዋጋው አይደለም። ዲስኩ የስልክ ሜሞሪ ካርድ ነው፤ መሐል ሜዳ ገበያ ስልክ ከሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። ኪቦርዱና ማውሱም ተራ ናቸው። ለልጆቻችን ርካሽ የሚባለው ኮምፒውተር፣ የተበላሸበትን ዕቃ መምህሩ በቅዳሜ ገበያ ገዝቶ ሰኞ ጠዋት የሚተካለት ነው ብዬ አምናለሁ። በግዢ ቀን 50 ዶላር ቆጥቦ ለአንድ ጎማ ውቅያኖስ የሚያሻግር ማሽን ለእኛ ውድ ነው።

ስድስቱን ስተክል፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ኃይል የሚቀይረውን ኢንቨርተር አስወጣሁት። 12 ቮልቱን ወደ 220 አውጥቶ እንደገና ማውረድ ኃይል ማባከን ነው። በ12 ቮልት የሚሠሩ ሞኒተሮችን መርጬ ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ በኩል አገናኘኋቸው፤ ለሰሌዳዎቹ ወደ 5 ቮልት ማውረጃ ሠራሁ። ገመዱን ሁሉ አይጥ በማይበሳው የብረት ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩ። አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ነገር እንደሚበላሽ እያወቅሁ መጠባበቂያ ሳላዘጋጅ ሄድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ አልነሣ አሉ። አሁን እያንዳንዱ ማሽን ተቀድቶ የተዘጋጀ ሌላ ካርድ አለው፤ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ራሳቸው ይለውጡታል።

ካርዱ ላይ የመማሪያ መጻሕፍቱንና ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን የአማርኛ ዊኪፔዲያ ጫንን። የትኛው ትምህርት በየትኛው ቀን እንደሚከፈት የሚወስኑት መምህራኑ ናቸው። ይህን ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፔሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦዎችን ለልጆች አድላ ነበር፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ማሽን ብቻውን መምህር አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀን አንዲት ልጅ ስሟን ለመጻፍ ተቀመጠች። ከቤቷ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሯ መጥታለች፤ ጣቶቿ በብርድ ደርቀው ነበር። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል «ጸ»ን ፈለገች፤ ኪቦርዱ ላይ ግን ያለው ላቲን ብቻ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ያን አረንጓዴ ማሽን አስታወስኩና ልቤ ተነካ። እነዚያ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ለዚህች ልጅ ፊደሏን አትመውላት ነበር፤ እኔ የአገሯ ልጅ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ በእጄ ጽፌ የለጠፍኳቸው ፊደሎች በአንድ ወር ጠፍተዋል፤ ሁለተኛው ዙርም መልቀቅ ጀምሯል። የሚያስፈልገኝ ቁልፉ ላይ ተቀርጾ የማይጠፋ ፊደል ነው። ፕላስቲክ ላይ በመሣሪያ የሚቀርጽ ሰው ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም አዲስ አበባ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስድስት ኪቦርዶች ናቸው፤ ይዤ እመጣለሁ።