የአማርኛ ብሎግ በብሎገር፦ ሊንኩ፣ ፊደሉና ዶሜኑ

ብሎግ መክፈት ራሱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጀማሪ ሰው ግን ሁለት ሦስት ቀን ቲም (የብሎጉን መልክ) ሲያማርጥ ይከርማል። ቲም የፈለጋችሁ ቀን ይቀየራል፤ ቀለሙም እንደዚያው። ቆይቶ ዋጋ የሚያስከፍለው ሌላ ነው፦ የጽሑፉ ሊንክ እንዴት እንደተጻፈ፣ ዶሜኑ (በገንዘብ የሚገዛው የብሎጉ የራሱ አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበና ብሎጉ በየትኛው ጂሜይል እንደተከፈተ። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

ብሎገርን፣ የጉግልን የብሎግ መሥሪያ፣ የመረጥነው ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሆስቲንግ (ጽሑፉ የሚቀመጥበት ኪራይ ቦታ) አይገዛለትም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም፣ አፕዴት የሚደረግ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) የለውም። ሌላው የብሎግ መሥሪያ ዎርድፕረስ ብዙ የሚሠራ ነገር ነው፤ ግን የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። ፕለጊኑ ሳይታደስ ወራት የቆየ ዎርድፕረስ በሩ ክፍት እንዳደረ ቤት ነው። በቂ ጽሑፍ ሲኖራችሁና ብሎገር ሲጠብባችሁ ያኔ ትዛወራላችሁ፤ ዎርድፕረስ የብሎገርን ጽሑፍ የሚያስገባ መሣሪያ አለው።

ብሎጉን በየቀኑ በምትገቡበት ጂሜይል ክፈቱት። ለብሎጉ ብቻ ተብሎ የተከፈተ አካውንት ይረሳል፤ ጉግል ደግሞ 2 ዓመት ሙሉ ያልተነካን አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ፐርሚሽንስ የሚለው ጋ ገብታችሁ ሁለተኛ ሰው ወይም ሁለተኛ አካውንታችሁን ጋብዙና አድሚን አድርጉት። ስልኩ የጠፋበት ሰው ብሎጉንም አብሮ የሚያጣው ይህን ሳያደርግ ሲቀር ነው። የማኅበር ወይም የዕድር ብሎግ ከሆነማ ሁለተኛው አድሚን ግዴታ ነው።

ሲከፈት የሚጠየቀው ርዕስ፣ አድራሻና የጸሐፊ ስም ነው። ርዕሱ በአማርኛ ይሆናል፤ አድራሻው የግድ በላቲን ፊደል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ጸሐይ»ን አንዱ በቲኤስ፣ ሌላው በኤስ፣ ሦስተኛው በቲዜድ ይጽፈዋል። ስሙን በስልክ አንዴ ነግራችሁት ሰሚው መልሶ ሳይጠይቅ በትክክል ከጻፈው ጥሩ አድራሻ ነው። ካልሆነ ሌላ ፈልጉ።

ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት የሰዓት ክልሉን አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት ተሞልቶ ነው። ያ ሰዓት ከእኛ በበጋቸው 10፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የለጠፋችሁት ጽሑፍ የትናንት ቀን ይዞ ይወጣል። በቀጠሮ እንዲወጣ ያዘጋጃችሁትም ባላሰባችሁት ሰዓት ይለቀቃል። የምሥራቅ አፍሪካን፣ ጂኤምቲ ፕላስ 3ን ምረጡ።

አሁን ወደ ሊንኩ። ብሎገር የጽሑፉን ሊንክ የሚሠራው ከርዕሱ ነው፤ የሚያውቀው ግን ላቲንና ቁጥር ብቻ ነው። አማርኛውን እንዳለ ይጥለዋል። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሲሆን ሊንኩ «ብሎግ ፖስት» ተብሎ ከኋላው ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ቀጣዩም እንዲሁ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ርዕሳችሁ «የ2017 በጀት ምን ይላል» ከሆነ ሊንኩ ላይ የሚቀረው 2017 ብቻ ነው። አንባቢም የፍለጋ ሞተርም ከሊንኩ ምንም አያነቡም፣ እናንተም ከወር በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ አትለዩትም።

መፍትሔው ፐብሊሽ ከመጫናችሁ በፊት ነው። በጽሑፍ ማዘጋጃው በስተቀኝ ፐርማሊንክ የሚል አለ፤ እሱን ከፍታችሁ ከስተም የሚለውን ምረጡና በላቲን ፊደል ሦስት ወይም አራት ቃል ጻፉ፤ በቃላቱ መካከል ሰረዝ አግቡ። ከወጣ በኋላ ቦታው ይዘጋል። የግድ መቀየር ካለበት ጽሑፉን ወደ ድራፍት (ወደ ረቂቅ) መልሳችሁ ቀይሩት፤ ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ከስተም ሪዳይሬክት የሚለው ጋ የድሮውን ሊንክ ወደ አዲሱ አዙሩ። ይህን ካልጨመራችሁ ቴሌግራም ላይ የተበተነው ሊንክ ሁሉ ወደ ባዶ ገጽ ይወስዳል።

ዎርድፕረስ ላይ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። እሱ አማርኛውን አይጥልም፤ በፐርሰንት ምልክት ይተረጉመዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 ደንብ ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት በሊንክ ውስጥ ሦስት ምልክት ይይዛል። አንድ «ሀ» 9 ምልክት ሆነ ማለት ነው። ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ርዕስ ይቆረጣል። ጓደኛ የላከላችሁ የፐርሰንት ጋጋታ የሞላበት ሊንክ ከዚህ የመጣ ነው። እዚያም መድኃኒቱ ያው ነው፤ በላቲን አሳጥሮ በእጅ መጻፍ።

ስለ ፊደሉ። ቲም ማስተካከያው ውስጥ የሚደረደሩት ፎንቶች በአብዛኛው የላቲን ናቸው። ሮቦቶን ብትመርጡ አማርኛው ንቅንቅ አይልም፤ የአንባቢው መሣሪያ የራሱን የግዕዝ ፎንት ያመጣል። አንድሮይድ ላይ ኖቶ፣ ዊንዶውስ ላይ ኤብሪማ ወይም ኒያላ፣ ማክ ላይ ኬፋ። አንዱ ገጽ በየስልኩ ትንሽ የተለያየ መልክ የሚኖረው ለዚህ ነው። ከዚህ ጋር አትታገሉ። ፎንት ከኢንተርኔት ማስጫን ይቻላል፤ ግን የአንባቢውን ዳታ ይበላል፣ ለጀማሪ ብሎግ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው መጠኑ ነው። ለላቲን የሚበቃው 14 ፒክሰል ለአማርኛ ያንሳል፤ «ሸ»ን ከ«ሰ» የምትለየው ጭረት ስልክ ላይ ትጠፋለች፣ «ጯ» ደግሞ የቀለም ጠብታ ይመስላል። የጽሑፉን ፊደል 18 ፒክሰል፣ የመስመር ክፍተቱን 1.7 አድርጉት። የፊደሉ መጠን ከአድቫንስድ ማስተካከያው ይገኛል፤ የመስመር ክፍተቱ ግን አድ ሲኤስኤስ በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚጻፍ አንድ መስመር ኮድ ይፈልጋል። ኢታሊክ አትጠቀሙ። የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው የተዘመመ ቅርጽ ስለሌላቸው ብሮውዘሩ ፊደሉን በግድ ያንጋድደዋል። ጀስቲፋይም (መስመሩን ግራና ቀኝ እኩል ማድረግ) እንዲሁ ይቅር፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ በቃላት መካከል ጉድጓድ ይፈጠራል።

አራት ነጥብን በሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን አትተኩ። ከሱ በፊትም ክፍት ቦታ አትተዉ፤ መስመሩ ሲሞላ ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች ወርዶ ይቀመጣል። ስልክ ላይ ጂቦርድ፣ ኮምፒውተር ላይ ኪማን ትክክለኛውን አራት ነጥብ ይሰጣሉ። ከወርድ ስትገለብጡ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ ለጥፉ፤ ተራው ኮንትሮል ቪ የወርድን ቀለምና መጠን ይዞ ይመጣና አንዱ አንቀጽ ከሌላው ይለያል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ ግን መለጠፉም አይሠራም። ያኔ ፊደላቱ የተቀመጡት በላቲን ኮድ ላይ ስለነበር ብሎጉ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይወጣሉ፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ወይም እንደገና መተየብ ይፈልጋል።

ሞክሼ ፊደላት ላይ አንድ ውሳኔ ወስኑና ያዙት። «ሐኪም» ብላችሁ የጻፋችሁትን ሰው ገጹ ላይ «ሀኪም» ብሎ ቢፈልግ ብሮውዘሩ የለም ይለዋል። የሊቃውንቱ ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለርዕስ ሰው በብዛት የሚተይበውን አጻጻፍ ምረጡ።

ፎቶ ስታስገቡ ኦሪጅናል ሳይዝ የሚለውን አትምረጡ። ከስልክ የወጣ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ አሥሩን ያስገባ ሰው አንባቢውን እስከ 40 ሜጋባይት አስከፈለው። ላርጅ የሚለውን ስትመርጡ ብሎገር ራሱ አሳንሶ ያቀርበዋል። ከማስገባታችሁ በፊት ስኩሽ በሚባለው የጉግል ነጻ መሣሪያ ስፋቱን ወደ 1200 ፒክሰል፣ ጥራቱን ወደ 75 ብታወርዱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይገባል፣ በዓይን ልዩነቱ አይታይም።

አንባቢ የሚመጣው በአብዛኛው ከቴሌግራም ስለሆነ ሊንኩ ሲለጠፍ ምን እንደሚያሳይ ተመልከቱ። ከሊንኩ ሥር የሚወጣውን መግለጫ ለመቆጣጠር ሴቲንግስ ውስጥ ሰርች ዲስክሪፕሽንን አብሩ፤ ከዚያ ለየጽሑፉ መሙያ ቦታ ይመጣል። ቴሌግራም አንዴ ያየውን ቅድመ ዕይታ ያስቀምጣል፤ ርዕሱን አስተካክላችሁም አሮጌው ከወጣ ሊንኩን ዌብፔጅ ቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ላኩለት፣ ያድሰዋል።

ዶሜን ስትገዙ የዶት ኮም ዋጋ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ቅናሽ አያታልላችሁ፤ የማደሻውን ዋጋ እዩ። ችግሩ አገር ቤት ላለ ሰው ክፍያው ነው፤ ተራው የብር ካርድ ውጭ አገር ሻጭ ጋ አይሠራም። ስለዚህ ወይ በብር ከሚሸጥ አገናኝ ይገዛል፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ይገዛል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ግን የተመዝጋቢው ስምና ኢሜይል የእናንተ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አገናኙ በራሱ ስም ካስመዘገበው በሕግ ባለቤቱ እሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት «ዶሜኑን ወደ ሌላ ሻጭ ማዛወሪያ ኮዱን ስጠይቅ ትሰጠኛለህ?» በሉት። ዘመድ ከገዛው ደግሞ እድሳቱ ከሱ ካርድ ጋር ተያይዟል፤ ካርዱ ሲያልቅ ዶሜኑም ያልቃል። ጊዜው ካለፈና ወደ 30 ቀኑ የመዋጃ ጊዜ ከገባ የሚጠየቀው ገንዘብ ከመደበኛው እጅግ ይበልጣል። ከገዛችሁ በኋላ የሚላከውን የኢሜይል ማረጋገጫም በ15 ቀን ውስጥ ካልተጫናችሁት ዶሜኑ ይታገዳል።

ዶሜኑን ከብሎጉ ጋር ስታገናኙ ብሎገር ሁለት የሲኔም መዝገብ ይሰጣችኋል፤ ዶሜኑ ወዴት እንደሚመራ የሚናገር፣ በዶሜን ሻጩ ማስተካከያ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ መስመር ነው። አንደኛው ስሙ «ዳብሊው» ሦስት ጊዜ፣ መድረሻው ጂኤችኤስ ዶት ጉግል ዶት ኮም ነው፤ ሁለተኛው ለእናንተ ብቻ የተሰጠ ረጅም ኮድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስም ቦታው ላይ ነው፤ ሙሉ ዶሜኑን ሲጽፍ ሰሌዳው ራሱ ዶሜኑን ስለሚጨምርበት ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። የፊተኛውን ክፍል ብቻ ጻፉ። ሻጩ አስቀድሞ ያስገባው የማስታወቂያ ገጽ መዝገብ ካለ አጥፉት፤ ሁለቱ ሲጋጩ ብሎገር ማረጋገጥ አልቻልኩም ይላል። ያለ ዳብሊው የሚገባው አንባቢም እንዲደርስ አራት የኤ መዝገብ (ዶሜኑን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመራ) ጨምሩ፦ 216.239.32.21፣ 216.239.34.21፣ 216.239.36.21 እና 216.239.38.21፤ ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዳይሬክት ዶሜንን አብሩ። እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በየአምስት ደቂቃው እየገባችሁ አትቀያይሩ። ሲሠራ ኤችቲቲፒኤስን (የተመሰጠረውን ግንኙነት) አብሩ፤ ሰርተፊኬቱ ነጻ ነው፣ እሱም እስኪወጣ ትንሽ ያስጠብቃል፤ እስከዚያ ብሮውዘሩ ማስጠንቀቂያ ቢያሳይ አትደንግጡ።

በየወሩ ሴቲንግስ ውስጥ ባክአፕ የሚለውን ተጭናችሁ ፋይሉን አውርዱ። በውስጡ ጽሑፍና አስተያየት አለ፤ ፎቶዎቹ ግን የሉም፣ ሊንካቸው ብቻ ነው ያለው። የፎቶዎቹን ኦሪጅናል ለብቻው በፎልደር፣ በየጽሑፉ ስም ለይታችሁ አስቀምጡ።